ወደኋላ ማለት በእንግሊዝኛ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እንግሊዝኛ ወደኋላ ለሚል ሰው የግስ ድርቅ የለበትም። መዝገበ ቃላት ሁሉንም በአንድ መስመር ይደረድራቸዋል፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። እያንዳንዱ ግስ ባፈገፈገው ሰው ላይ ትንሽ ፍርድ ይሰጣል። አንዱ ክብሩን ይጠብቅለታል፣ አንዱ ፈሪ ይለዋል፣ ሌላው ቃል አባይ ያደርገዋል። ስለዚህ «ተመሳሳይ ቃል» እያሉ መሸምደድ ብዙም አይጠቅምም። ማን ለቀቀ፣ ምን ለቀቀ፣ ወዶ ነው ተገዶ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

«ሪትሪት» እና «ዊዝድሮው» አንድ አይደሉም እንዴ?

ይቀራረባሉ። «ሪትሪት» ሲባል ግን ከፊት የሚገፋ ነገር አለ። ጠላት በርትቷል፣ ነገሩ ከብዷል፣ ስለዚህ ይታፈገፈጋል። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1812 ከሞስኮ የተመለሰበትን ጉዞ እንግሊዝኛ «ሪትሪት» ይለዋል። ብርድና ረሃብ ሠራዊቱን እየፈጀው ነው የወጣው።

«ዊዝድሮው» የውሳኔ ቃል ነው። አሜሪካ በኦገስት 2021 የመጨረሻ ወታደሮቿን ከአፍጋኒስታን ስታስወጣ መንግሥቷ የመረጠው ይህንን ነበር። ጉዳዩን እንደ ሽንፈት የሚያይ ሰው ደግሞ ያንኑ መውጣት «ሪትሪት» ሊለው ይችላል። ጋዜጣ ስታነቡ የጸሐፊውን ወገን ከግሱ መገመት የሚቻለው ለዚህ ነው።

የሰዋስው ልዩነትም አላቸው። «ዊዝድሮው» ተሳቢ ይቀበላል፦ ገንዘብን፣ ወታደርን፣ ማመልከቻን፣ የተናገሩትን ነገር። «ሪትሪት» አይቀበልም። ሠራዊቱ ራሱ ያፈገፍጋል እንጂ ጄኔራሉ ሠራዊቱን «ሪትሪት» አያደርገውም።

ወታደሮች ራሳቸው የትኛውን ይጠቀማሉ?

የአሜሪካ ጦር መመሪያ ወደኋላ መንቀሳቀስን በሦስት ይከፍለዋል። «ዲሌይ» ጠላትን እያዘገዩ መሬት መልቀቅ ነው። «ዊዝድሮዋል» ከጠላት ጋር ተያይዞ ያለ ኃይል ራሱን ሲያላቅቅ ነው። «ሪታየርመንት» ደግሞ ከጠላት ጋር ያልተያያዘ ኃይል ርቆ ሲሄድ ነው፤ ከጡረታ ጋር አይገናኝም። «ሪትሪት» ከሦስቱ ውስጥ የለም። በዚያው ጦር ካምፕ ውስጥ ግን ማታ ባንዲራ ሲወርድ የሚነፋው ጥሩምባ «ሪትሪት» ይባላል። በፊልም ላይ ይህን ሰምቶ «ሸሹ ማለት ነው?» ብሎ የሚደናገር አይጠፋም።

«ፎል ባክ» ወደ ተዘጋጀ የኋላ መስመር መመለስን ያሳያል። ሥርዓት አለው፣ ነገ ውጊያው ይቀጥላል። «ራውት» የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አሰላለፍ ፈርሶ፣ አዛዥና ታዛዥ ተጠፋፍቶ መበታተን። ስለ ዐድዋ በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ይህ ቃል ይጠቅማችኋል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ የጣልያን ጦር የሆነውን «ሪትሪት» ብቻ ማለት ማለሳለስ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ «ራውት» ግስ ሲሆን ባለቤቱ አሸናፊው ነው። የኢትዮጵያ ጦር የጣልያንን ጦር «ራውት» አደረገ ይባላል እንጂ ጣልያኖች «ራውት» አደረጉ አይባልም።

ማይጨው ላይ ደግሞ «ሪትሪት» በትክክል ቦታው ነው። በ1928 ዓ.ም. ከውጊያው በኋላ ወደ ደቡብ ያፈገፍግ የነበረው ሠራዊት በአሸንጌ ሐይቅ አካባቢ ከአውሮፕላን ቦምብና የመርዝ ጋዝ ወረደበት። የሚገፋ ነበር፣ የሚያሳድድም ነበር።

«ኢቫኩዌት» ማውጣት፣ ከአደጋ ማሸሽ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1940 ከደንከርክ ወደ 338,000 የሚጠጉ ወታደሮችን በመርከብና በጀልባ አወጡ። በወታደራዊ ሚዛን ትልቅ ሽንፈት ነበር። ግን ታሪኩን በዚህ ግስ ስለነገሩት እስከ ዛሬ የሚኮሩበት ሆነ። የቃል ምርጫ ይህን ያህል ይሠራል።

አለቃዬ «በሚቀጥለው ሳምንት ሪትሪት እንሄዳለን» አለ። ከማን ነው የምንሸሸው?

ከቢሮ። ስም ሲሆን «ሪትሪት» ከሥራ ቦታ ርቆ ለመምከር መሰብሰብ ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ትርጉሙ በአብዛኛው ቢሾፍቱ ወይም ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር፣ ከአበል ጋር ነው። በመንፈሳዊ አገባቡ ደግሞ ወደ ሱባኤ ይጠጋል። ገዳም ገብቶ የሚጸልይ ሰው በእንግሊዝኛ «ኦን ሪትሪት» ነው።

በ«ባክ» የሚጀምሩት ሁሉ ይምታቱብኛል። እንዴት ልለያቸው?

ሁሉንም ሰው ያምታታሉ። እያንዳንዱን ከሚታይ ሁኔታ ጋር ያዙት።

«ባክ አዌይ» በእግር የሚሆን ነው። ውሻ ሲያጉረመርምባችሁ ጀርባችሁን ሳትሰጡ ቀስ እያላችሁ ወደኋላ ትራመዳላችሁ፤ እሱ ነው።

«ባክ ኦፍ» ጫናን መተው ነው። የሚጨቀጭቃችሁን ሰው «ባክ ኦፍ!» ካላችሁት «ዞር በልልኝ» ማለታችሁ ነው። ቁጣ አለበት። ለአለቃም ለፖሊስም አይባልም።

«ባክ ዳውን» ያለ ፍጥጫ አይኖርም። ሁለት ወገን ተፋጠጠ፣ አንዱ አቋሙን ለቀቀ። የታወቀው ምሳሌ እ.ኤ.አ. የ1962ቱ የኩባ ሚሳይል ቀውስ ነው። ክሩሽቼቭ ሚሳይሎቹን ከኩባ ለማንሳት ሲስማሙ ብዙ አሜሪካዊ ሶቪየቶች «ባክ ዳውን» አደረጉ አለ። አሜሪካም በምስጢር ከቱርክ ሚሳይሎቿን ለማንሳት ተስማምታ እንደነበር የታወቀው ኋላ ነው። ለግሱ ባለቤት ስትመርጡ ተጠንቀቁ ለማለት ያህል።

«ባክ አውት» የተገባ ቃል ይፈልጋል። ቤት ልትከራዩ ተስማምታችሁ፣ ነገ ውል ልትፈርሙ፣ ዛሬ ማታ «ይቅርብኝ» ካላችሁ «ባክ አውት» አደረጋችሁ። መንስኤው የመጨረሻ ሰዓት ፍርሃት ከሆነ እንግሊዞች «እግሩ በረደው» ይላሉ፤ ለሙሽሮች በብዛት የሚነገር ነው። ፍርሃቱን አጉልቶ ለመሳለቅ «ቺክን አውት» አለ። ይህኛው የልጆችና የጓደኛሞች ቋንቋ ነው፤ ደብዳቤ ላይ አይጻፍም።

«ባክ አፕ» ከዚህ ቤተሰብ ሾልኮ የወጣ ነው። ለሾፌር መኪናውን ወደኋላ ማድረግ፣ ለፖሊስ ደጋፊ ኃይል፣ ለኮምፒውተር ሰው ቅጂ ማስቀመጥ፣ ለቧንቧ ሠራተኛ የተዘጋ ፍሳሽ ነው። አቋምን ወይም ቃልን መልቀቅ ለማለት አትጠቀሙበት።

ሯጭ ሲያቋርጥ «ዊዝድሮው» ነው «ድሮፕ አውት»?

ጥያቄው መቼ አቋረጠ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴን እንውሰድ፤ በእሱ የሩጫ ሕይወት ውስጥ ሁሉም ግሶች አሉ።

ከቤጂንግ ኦሎምፒክ ወራት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ የከተማዋን የአየር ብክለት ሰግቶ ማራቶኑን እንደማይሮጥ አስታወቀ። ገና መስመር ላይ ስላልቆመ «ዊዝድሩ» ወይም በተለመደው የጋዜጣ አነጋገር «ፑልድ አውት» ይባላል። በ10,000 ሜትር ግን ተወዳደረ፤ ስድስተኛ ወጣ።

በኖቬምበር 2010 ኒው ዮርክ ላይ ነገሩ ሌላ ነበር። ማራቶኑን ጀመረ፣ ጉልበቱ አስቸገረው፣ መንገድ ላይ አቆመ። ይህ «ድሮፕድ አውት» ነው። በዚያው ቀን ከሩጫ ዓለም መሰናበቱን ተናገረ፤ ይህ ደግሞ «ሪታየርድ»። ጥቂት ቀናት አለፉና ሐሳቡን ለውጦ እመለሳለሁ አለ። ጋዜጦች ስንብቱን «ሪቨርስ» አደረገ፣ ሻረው ብለው ጻፉ። በእርግጥ የተሰናበተው እ.ኤ.አ. በ2015 ማንቸስተር ላይ ነው።

ቀነኒሳ በቀለም ልዩነቱን ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ2020 የለንደን ማራቶን ሊደረግ ጥቂት ቀን ሲቀረው በባት ጉዳት ወጣ፦ «ዊዝድሩ»። በ2017 ዱባይ ላይ መነሻው ላይ ወድቆ ግማሽ መንገድ ያህል ከሮጠ በኋላ አቋረጠ፦ «ድሮፕድ አውት»።

ቴኒስ የራሱ አመል አለው። ጨዋታ ተጀምሮ በጉዳት የሚወጣ ተጫዋች «ሪታየርድ» ይባላል። የ20 ዓመት ወጣት «ሪታየርድ» ተብሎ ብታነቡ አትደንግጡ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይጫወታል።

ሥልጣን የሚለቅ ሰው የትኛው ግስ ይገባዋል?

«ሪዛይን» መደበኛው ነው። ደብዳቤ አለው፣ ቀን አለው። ሪቻርድ ኒክሰን በኦገስት 1974 የለቀቁት፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ያስታወቁት በዚህ ይገለጻል። «ስቴፕ ዳውን» ያንኑ ለዘብ አድርጎ ይናገራል፤ ምክንያቱን አይመረምርም። የሰውየውን ክብር መጠበቅ ከፈለጋችሁ እሱን ምረጡ።

ንጉሥ በፈቃዱ ዙፋን ሲተው «አብዲኬት» ነው። የእንግሊዙ ኤድዋርድ ስምንተኛ በዲሴምበር 1936 ያደረጉት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በደርግ ከዙፋን ወረዱ እንጂ አልተዉም። ለእሳቸው «ዎዝ ዲፖዝድ» እንጂ «አብዲኬትድ» አይጻፍም። ይህን ስህተት በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ልጆቻችን ላይ አይቻለሁ። የታሪክ ስህተት ነው፣ በቋንቋ ብቻ አይታለፍም።

ከምርጫ ፉክክር መውጣትም ከሥልጣን መልቀቅ ይለያል። ጆ ባይደን በጁላይ 2024 ከፉክክሩ «ዊዝድሩ»፤ ፕሬዚዳንትነታቸውን ግን እስከ ጃንዋሪ 2025 አልለቀቁም። «ሪዛይንድ» ብሎ የጻፈ ተሳስቷል።

ዳኛው የተከሳሹ ዘመድ ሆኖ ከችሎት ራሱን ሲያነሳ «ሪኪውዝ ሂምሰልፍ» ይባላል። ሌላ ቦታ እምብዛም አይገባም።

የተናገርኩትን ማንሳት ብፈልግስ?

እዚህ እንግሊዝኛ በጣም ይጨነቃል።

በእንግሊዝ ፓርላማ አንዱ አባል ሌላውን ውሸታም ካለ አፈ ጉባኤው «ዊዝድሮው» እንዲያደርግ ያዙታል። ቃሉን ያነሳል፣ ስብሰባው ይቀጥላል። ፊልም ላይ ጠበቃ ዳኛ ሳይቆጣው ቀድሞ «አይ ዊዝድሮው ዘ ክዌስችን» የሚለውም ይኸው ነው።

«ሪትራክት» የታተመ ነገርን በይፋ መሻር ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘውን የ1998ቱን የዌክፊልድ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2010 «ሪትራክት» አደረገ። «ሪካንት» እምነትን መካድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከጀርባው ማስገደድ አለ። ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1633 ሮም ውስጥ በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ፊት ያደረገው ይህን ነው።

ፖለቲከኛ ደግሞ «ዎክ ባክ» ያደርጋል። ትናንት የተናገረውን ዛሬ «እንዲያ ለማለት አይደለም» እያለ ያለዝበዋል። «ባክትራክ» ከዚህ ጠንከር ይላል፣ ትችት አለበት። ሁለቱም ስለ ራሳችሁ የምትናገሯቸው አይደሉም። ሰው ስለ ራሱ ሲሆን «ክላሪፋይ» አደረግሁ ነው የሚለው።

ሰነድ ሲሆን፦ ፈቃድ «ሪቮክ» ይደረጋል፣ የሥራ ግብዣ «ሪሲንድ» ይደረጋል፣ ሕግ «ሪፒል» ይደረጋል። ቃሉን ያጠፈ ሰው «ሪኒግ ኦን» አደረገ ይባላል፤ ይህ ስድብ ነው ማለት ይቻላል።

ከትምህርት መውጣትስ?

አሜሪካ ያሉ ልጆች ይህን ማወቅ አለባቸው። በሴሚስተሩ መጀመሪያ ባለው የመቀያየሪያ ጊዜ ኮርስ ከተዋችሁ «ድሮፕ» ነው፤ ትራንስክሪፕት ላይ አይታይም። ጊዜው ካለፈ በኋላ ከሆነ «ዊዝድሮው» ነው፤ በአብዛኛው «ደብልዩ» የሚል ምልክት ይቀራል፣ አማካይ ውጤት ውስጥ ግን አይገባም። «ድሮፕ አውት» ትምህርቱን ጨርሶ መተው ነው። «ኮርሱን ድሮፕ አደረግኩ» ለማለት ፈልጋችሁ «አይ ድሮፕድ አውት» ካላችሁ አማካሪያችሁ ትደነግጣለች።

አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ፎርም ሞልቶ ለጊዜው የሚወጣው «ዊዝድሮዋል» ሞላ ይባላል፤ በኋላ ለመመለስ ያመለክታል። በውጤት የተባረረው «ዲስሚስ» ሆነ ነው። ውጭ አገር ስታመለክቱ ሁለቱን ማደባለቅ ዋጋ ያስከፍላል።

አየር ማረፊያ ላይ «ዊዝድሮው» የሚል ነገር ፈርም ብባል?

የአሜሪካ ድንበር ላይ ተጓዥ ለመግባት ያቀረበውን ጥያቄ አንስቶ እንዲመለስ ሊፈቀድለት ይችላል። ፈቃዱ የመኮንኑ ነው፣ መብት አይደለም። ቪዛው አብዛኛውን ጊዜ ይሰረዛል። ነገር ግን ከተፋጠነ የማስወጣት ትእዛዝ ይለያል፤ ያኛው በተለምዶ ለአምስት ዓመት መመለስን ይከለክላል።

ግሪን ካርድ ላላቸው የሚመጣው ሌላ ግስ ነው፦ «አባንደን»። ለረጅም ጊዜ ከአሜሪካ ውጭ ቆይተው ሲመለሱ «አይ-407» የተባለ ቅጽ ሊቀርብላቸው ይችላል። መፈረም የመኖሪያ ፈቃድን በራስ እጅ መመለስ ነው። ቅጹ በፈቃደኝነት የሚፈረም ነው። ያልፈረመ ሰው ጉዳዩ በኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል። ወላጆቻችሁ ብቻቸውን የሚጓዙ ከሆነ ይህን አንድ ቃል አስጠኗቸው፣ የጠበቃ ስልክም ይያዙ።

አገር ከማኅበር ወይም ከውል ሲወጣ?

የውሉ ቋንቋ «ዊዝድሮው ፍሮም» ነው፤ የርዕሰ ዜናው «ፑል አውት ኦፍ»። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት በጁን 2016 ድምፅ ሰጠች፣ በጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ወጣች። የምርጫው መፈክር «ሊቭ» ነበር፤ የስምምነቱ ሰነድ ግን «ዊዝድሮዋል» ይላል።

«ሲሲድ» መገንጠል ነው፤ በአብዛኛው ከአገር ነው። ሳውዝ ካሮላይና እ.ኤ.አ. በ1860 መጨረሻ ያወጀችው፣ በጠቅላላው 11 የደቡብ ግዛቶች የተከተሉት መንገድ ነው። የኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 በእንግሊዝኛ ቅጂው የሚጠቀመውም የዚህን ስም ነው።

በዲፕሎማሲ አንድ የሚያሳስት ቃል አለ፦ «ዲናውንስ»። በተለምዶ ማውገዝ ነው። ውል ሲከተለው ግን «ከእንግዲህ አልገዛበትም» ብሎ በይፋ ማሳወቅ ነው። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1893 የውጫሌን ውል «ዲናውንስ» አደረጉ ሲባል ንግግር ብቻ አላደረጉም፤ ውሉን ቀሪ አደረጉት።

ፀጉር ወደኋላ ሲሸሽ?

«ሪሲድ»። የጎርፍ ውሃም «ሪሲድ» ያደርጋል። የተራራ በረዶ ግን በሳይንስ ጽሑፍ «ሪትሪት» ያደርጋል፤ ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ ለምዶባቸው ነው።

«ዊዝድሮውን» የተባለ ሰው ምን ሆኗል?

ከሰው ራሱን ያገለለ፣ ዝም ያለ ነው። መምህር ስለ ልጃችሁ ይህን ከጻፈች «ጨዋ ነው» ብላ አይደለም፤ አሳስቧት ነው። ደውሉላት።

«ዊዝድሮዋል ሲምፕተምስ» ደግሞ ሱስ ሲቋረጥ የሚመጣ ሕመም ነው። ሐኪም ፊት ትልቅ ነገር ይመስላል፣ ነገር ግን የቡና ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከመጨረሻው ስኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጀምረው ራስ ምታት ስሙ ይኸው ነው።

ያለፈ ጊዜያቸው?

«ዊዝድሮው» ወደ «ዊዝድሩ» ከዚያም «ዊዝድሮውን» ይሄዳል። «ዊዝድሮውድ» የሚባል የለም። «ፍሊ»፣ ማለትም መሸሽ፣ «ፍሌድ» ይሆናል። «ሪትሪት» እንደ ማንኛውም ተራ ግስ ነው። የእግር ኳስ ወዳጆች ደግሞ «ሪዛይን»ን እና በመሐሉ ሰረዝ ያለበትን «ሪሳይን»ን ለዩ። አንደኛው ክለቡን ለቀቀ ነው፣ ሁለተኛው ውሉን አደሰ።

ያመለከትኩበትን ሥራ አልፈልገውም። ምን ብዬ ልጻፍ?

ገና ግብዣ ካልመጣ፦ «አይ ዉድ ላይክ ቱ ዊዝድሮው ማይ አፕሊኬሽን»። ግብዣው መጥቶ እምቢ ካላችሁ «ዲክላይን»። ተቀብላችሁ ከፈረማችሁ በኋላ ከሆነ «ሪሲንድ ማይ አክሰፕታንስ»፤ እዚያ ላይ ከግሱ በፊት ይቅርታ ይቅደም። «ካንስል» አትበሉ፣ የሆቴል ቀጠሮ ይመስላል። «ባክ አውት» ደግሞ እነሱ ስለ እናንተ የሚሉት ነው፤ እናንተ ቀድማችሁ አትስጧቸው። ምክንያት መዘርዘር ግዴታ የለም። አንድ የምስጋና ዐረፍተ ነገር ጨምራችሁ ላኩት።